ጎማ የሚሸከም በረዶ፦ የተጠቀጠቀ የበረዶ ማኮብኮቢያ አሠራርና አያያዝ በአንታርክቲካ

ሚኒሶታ ክረምትን ያሳለፈ ሰው ይህን ነገር ያውቀዋል። ማታ የከተማው በረዶ መጥረጊያ መኪና ያልፍና የመኪና መውጫችሁን በክምር ይዘጋዋል። ያኔውኑ አካፋ ይዛችሁ ብትወጡ ክምሩ እንደ ዱቄት ይዛቃል። «ነገ ጠዋት እጠርገዋለሁ» ብላችሁ ከተኛችሁ ግን ጠዋት አካፋው ይነጥራል። ሌሊቱን ማንም አልረገጠውም። ውሃም አልፈሰሰበትም። ዝም ብሎ በተቀመጠበት ነው ድንጋይ የሆነው።

አንታርክቲካ ውስጥ፣ ማክመርዶ ከሚባለው የአሜሪካ የምርምር ጣቢያ አጠገብ፣ ፊኒክስ የሚባል የአውሮፕላን ማረፊያ አለ። በ2017 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ሥራ ጀመረ። ማኮብኮቢያው 3,350 ሜትር ገደማ ይረዝማል። አስፋልት የለውም፤ ኮንክሪት የለውም፤ ጠጠርም የለውም። የተጠቀጠቀ በረዶ ነው። ሲ-17 የሚባለው ግዙፍ የጭነት አውሮፕላን እንደማንኛውም ማረፊያ በጎማው ያርፍበታል። ይህን የሚያስችለው ደጃፋችሁ ላይ አካፋውን ያነጠረው ያው ነገር ነው።

እኔ ከመንገድ ሥራ ጋር የተዋወቅሁት አገር ቤት ነው፦ አፈር ማልበስ፣ ውሃ ማርከፍከፍ፣ በሮለር መጠቅጠቅ። ስለ በረዶ ማኮብኮቢያ ማንበብ ስጀምር ግማሹ ሥራ የማውቀው ሆኖ አገኘሁት። ሌላው ግማሽ ግን የማውቀውን ሁሉ ገለበጠብኝ። እዚህ የማተኩረው በዚያ በሁለተኛው ግማሽ ላይ ነው።

አንድ የቃል ነገር ላስቀድም። በአማርኛ «በረዶ» ለሁሉም ይሠራል። እዚህ «በረዶ» ስል ከሰማይ የሚወርደውን ነጩንና ለስላሳውን፣ ብዙዎቻችን «ስኖው» የምንለውን ነው። ለዘመናት ተጭኖ ጠጣር የሆነውን «ግግር በረዶ» እለዋለሁ። አውስትራሊያውያን በዊልኪንስ፣ ኖርዌያውያን በትሮል የሚያሳርፉት በግግር በረዶ ላይ ነው። እዚያ መሠረቱ ተሠርቶ የቆየ ነው፤ ፊቱን መላግና ማስተካከል ይበቃል። እንዲህ ያለ ግግር ላይ ላዩን በማይገኝበት ቦታ ግን መሠረቱንም ከበረዶ መሥራት ግድ ነው።

በመጀመሪያ፦ ምን ሊያርፍ ነው?

በስኪ፣ ማለት በረዶ ላይ በሚንሸራተት ረጅም ሰሌዳ፣ የሚያርፍ አውሮፕላን ይህን ሁሉ ድካም አይፈልግም። ኤልሲ-130 የሚባለው የጭነት አውሮፕላን ስኪ ስላለው ክብደቱን በሰፊው ዘርግቶ በለስላሳው በረዶ ላይ ይንሸራተታል። ችግሩ ጭነቱ ማነሱና አዝጋሚነቱ ነው። ከኒውዚላንዷ ክራይስትቸርች እስከ ማክመርዶ ኤልሲ-130 8 ሰዓት ገደማ ሲፈጅበት፣ ሲ-17 በ5 ሰዓት ገደማ ይደርሳል፤ የሚጭነውም እጥፍ ድርብ ነው። ሶቪየቶችም ሞሎዲዮዥናያ በሚባለው ጣቢያቸው የተጠቀጠቀ የበረዶ ማኮብኮቢያ ሠርተው በ1980 ኢል-18 የሚባለውን አውሮፕላን በጎማ ያሳረፉት ለዚሁ ነው።

ስለዚህ ዶዘር ከማስነሳታችሁ በፊት ሁለት ቁጥሮች ያዙ፦ የአውሮፕላኑን ጠቅላላ ክብደትና የጎማውን ግፊት። ሲ-17 ሙሉ ጭነት ይዞ ሲነሳ 265 ቶን ይደርሳል፤ ይህን በ14 ጎማ ያካፍለዋል። የጎማው ግፊት 140 ፒኤስአይ (በአንድ ካሬ ኢንች ላይ የሚያርፍ ፓውንድ) ገደማ ነው። የቤት መኪና ጎማ ከ30 እስከ 35 ነው።

ሁለቱ ቁጥሮች የየራሳቸውን ጥያቄ ይመልሳሉ። የጎማው ግፊት የላይኛው ፊት ምን ያህል ጠንካራ መሆን እንዳለበት ይነግራችኋል። ጠቅላላ ክብደቱ ደግሞ ጥንካሬው ምን ያህል ወደ ታች መውረድ እንዳለበት። ጭቃ ላይ ባለ ታኮ ጫማ ያደረገችና ሸበጥ ያደረገች እኩል ክብደት ቢኖራቸውም፣ የምትሰምጠው ባለ ታኮዋ ናት። ላዩ ጠንክሮ ሥሩ ልል ከሆነ ደግሞ ትንሿ አውሮፕላን በሰላም ታርፍና ትልቁ ቅርፊቱን ሰብሮ ይገባል። እንደ ሲ-17 ላለ ከባድ አውሮፕላን ወደ አንድ ሜትር የሚጠጋ ጠንካራ ንጣፍ አስቡ።

ቦታው

ቦታ ስትመርጡ ዓይናችሁን አትመኑ። ሜዳ የመሰለው ነጭ ሥሩ ስንጥቅ ሊኖርበት ይችላል። አውቶቡስ የሚውጥ ስንጥቅ ከላይ በቀጭን የበረዶ ድልድይ ተሸፍኖ አይታይም። መሬት ውስጥ የሚያይ ራዳር በመላው ስፋት ላይ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ጠባብ ጠባብ መስመር እየያዛችሁ ጎትቱ። ማኮብኮቢያውን ብቻ አይደለም፤ መዞሪያውን፣ ማቆሚያውንና የነዳጅ ቦታውንም ጭምር።

ከዚያ ነፋሱን አጥኑ። ማኮብኮቢያው ኃይለኛው ነፋስ በሚመጣበት አቅጣጫ ይዘርጋ። አንድ ወቅት ሙሉ የነፋስ መረጃ ሳይኖራችሁ አቅጣጫ አትወስኑ፤ አንዴ ከተጠቀጠቀ በኋላ ማዞር የለም።

ቀጥሎ አቧራው። ይህን ብዙ ሰው አይጠብቀውም። ከፊኒክስ በፊት ማክመርዶ ፔጋሰስ የሚባል የግግር በረዶ ማኮብኮቢያ ነበረው። በነፋስ እየተጋዘ የሚመጣው ጥቁር የእሳተ ገሞራ አቧራ ፊቱ ላይ ያርፍ ነበር። ንጹሕ በረዶ ከሚያርፍበት ብርሃን 80 በመቶውንና ከዚያ በላይ መልሶ ይልከዋል። ጥቁር ቅንጣት ግን ብርሃኑን ይጠጣል፤ ይሞቃል፤ ያቀልጣል። በበጋ ፊቱ እየቀለጠ ውሃ እያቆረ አስቸገረ፤ በ2016 መጨረሻ ተዘጋ። ፊኒክስ ነጩ በረዶ ወፈር ብሎ የሚከማችበት ቦታ ተፈልጎለት ነው የተሠራው። ስለዚህ ቦታችሁ ነፋስ ከተራቆተ ድንጋይና ከጥቁር አፈር አቧራ ይዞ የሚመጣበት አይሁን።

በረዶው ባሕር ላይ በተዘረጋ ግግር ላይ ከሆነ ደግሞ ሁሉም ነገር ይጓዛል። ማኮብኮቢያው፣ መብራቱ፣ ድንኳኑ፣ አንድ ላይ በየዓመቱ ብዙ ሜትር ወደ ባሕሩ ይሄዳሉ። አብራሪዎች የሚጠቀሙበትን የቦታ ልኬት በየወቅቱ እንደገና መለካት ግድ ነው።

ሥራው ሳይጀመር የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ መጠናቀቅ አለበት። የአንታርክቲካን አካባቢ ለመጠበቅ የተፈረመው የ1991ዱ የማድሪድ ፕሮቶኮል ያስገድዳል።

መሠረቱን ከፍ አድርጉ

ነፋስ የቆለላቸውን የበረዶ ሸንተረሮች በዶዘር ቁረጡና አስተካክሉ። ሰንሰለታቸው ሰፊ የሆኑ፣ መሬቱን ቀለል አድርገው የሚጫኑ ዶዘሮች ምረጡ።

ዋናው ነገር ግን ማኮብኮቢያው ከአካባቢው ከፍ ብሎ መቀመጡ ነው። ዝቅ ያለ ነገር ሁሉ በአንታርክቲካ ይሞላል። ነፋስ የሚያጋዘው በረዶ ጉድጓድ ሲያገኝ ይወርዳል፤ ከፍ ያለ ሜዳ ሲያገኝ ግን ጠርጎት ያልፋል። የጎኑን ተዳፋት በጣም ረጋ ያለ አድርጉት። ዳር ላይ የክምር ግድግዳ ትታችሁ አትሂዱ። አንድ የተረሳ ክምር በአንድ ማዕበል ከኋላው ረጅም የበረዶ ጅራት ያበቅላል፤ ጅራቱም ማኮብኮቢያው ላይ ይተኛል።

ፍጩት

እዚህ ጋ ነው ከአፈር ሥራ የምንለየው።

አዲስ የወረደ በረዶ ተመሳሳይ መጠን ባላቸው ቅንጣቶች የተሞላ ነው፤ መሀላቸው አየር ነው። እንዲሁ ብትጠቀጥቁት አየሩ በሙሉ አይወጣም። ስለዚህ መጀመሪያ በሚሽከረከር መፍጫ ወይም እንደ እርሻ መከስከሻ ባለ መሣሪያ ይገለበጣል፤ ይፈጫል። ሲፈጭ ትልቅ፣ መካከለኛና ደቃቅ ቅንጣት ይሆናል። ደቃቁ በትልቁ መሀል ይገባል። ኮንክሪት የሚያቦካ ሰው ጠጠርና አሸዋ ለምን እንደሚቀላቅል ያውቃል፤ ነገሩ ያው ነው።

መፍጨት ሌላም ጥቅም አለው። የተሰበረ ቅንጣት ጠርዙ ሹል ነው። ሹሉ ጫፍ ላይ ያለው በረዶ ወደ እንፋሎት እየተለወጠ ከጎረቤቱ ጋር በተነካካበት ቦታ ይጋገራል። በሁለቱ መሀል እንደ አንገት ያለ ድልድይ ይበቅላል። ሚኒሶታ ውስጥ ክምሩን ድንጋይ ያደረገው ይህ ነው፤ መጥረጊያው መኪና ሳያውቀው በረዶውን ፈጭቶት ነበር።

በስስ ንጣፍ ጠቅጥቁ

የፈጫችሁትን ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር በማይበልጥ ንጣፍ አልብሱ። ወፍራም ንጣፍ ላዩ ብቻ ይጠነክርና ውስጡ ስፖንጅ ሆኖ ይቀራል። ጉድለቱ ከላይ አይታይም፤ አውሮፕላን ያገኘዋል።

መጀመሪያ በዶዘር ሰንሰለት ተመላለሱበት። ከዚያ የጎማ ሮለር አስገቡ፤ ብዙ ጎማ ያለው፣ ላዩ ላይ ብረት እየተጫነ ክብደቱ የሚጨመርለት ጋሪ። ለስላሳ የብረት ሮለር ገና ላልጠነከረ በረዶ አይሆንም። በረዶውን ከፊቱ እንደ ብርድ ልብስ እየጠቀለለ ይገፋዋል፤ የተጓዘበትም ከላይ ቅርፊት ይሠራል እንጂ ወደ ውስጥ አይዘልቅም።

በቀላል ክብደት ጀምሩ። የጎማው ዱካ ጥልቀት እየቀነሰ፣ እየቀነሰ፣ ጨርሶ ሲጠፋ ክብደት ጨምሩ። ዝግ ብላችሁ ንዱ። የአንዱ ጉዞ ዱካ የሌላውን ግማሽ ይሸፍን። ጎማው መጨረሻ ላይ የአውሮፕላኑን ያህል ግፊት ሊኖረው ይገባል።

አሁን እጃችሁን ሰብስቡ

ለመንገድ ሠራተኛ ከባዱ ደረጃ ይህ ነው። አፈር የሚፈለገው እፍጋት ላይ ከደረሰ በዚያው ቀን ቀጣዩን ንጣፍ ታለብሱታላችሁ። በረዶ ግን ሮለሩ ሲወርድለት ሥራውን ገና መጀመሩ ነው። ሮለሩ ቅንጣቶቹን አቀራረበ፤ የሚያያይዛቸው ጊዜ ነው። ንጣፉን ለሰዓታት፣ ቢቻል ለቀናት ተዉት። የመጨረሻው ፊት ደግሞ ከባድ አውሮፕላን ከመቀበሉ በፊት ከዚያም ረዘም ላለ ጊዜ ይረፍ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። ገና ሳይያያዝ ከባድ ሮለር ያወጣ ሰው የበቀሉትን ድልድዮች ሰባብሮ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል።

ሙቀቱን እዩት። መያያዙ የሚፈጥነው በረዶው ለመቅለጥ ሲቀርብ ነው፤ ጥንካሬው የሚመጣው ግን ሲቀዘቅዝ ነው። ስለዚህ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪና ከዚያ ሞቅ ባለ፣ ግን ባልቀለጠ በረዶ ፍጩ፣ ጠቅጥቁ። ከዚያ ብርዱ ይያዘው። ይህ ባይሆን ኖሮ ደቡብ ዋልታ ላይ በቀላሉ ይሠራ ነበር። እዚያ የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከዜሮ በታች ወደ 50 ዲግሪ ስለሚጠጋ በረዶው እንደ ደረቅ አሸዋ ነው፤ መያያዙ እጅግ ይዘገያል። ቦታውም 2,835 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ ከቦሌ ወደ 500 ሜትር ይበልጣል። አየሩ ስስ ስለሆነ አውሮፕላኑ ረጅም መንደርደሪያ ይፈልጋል። እስካሁን ዋልታው ላይ የሚያርፉት ባለ ስኪዎቹ ናቸው።

የላይኛው ፊት ሲጠነክር በመላጊያ ማሽን ልጉት፤ ቀጥሎ በከባድ ብረት መጎተቻ አለስልሱት። እንደ መስታወት አይሁን። በደንብ የተጎተተ የበረዶ ፊት በጣት ሲዳሰስ እንደ ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ይሻክራል፤ ጎማ የሚይዘውም ያ ነው።

ፈትሹ፣ በአራት መንገድ

ቀላሉን አስቀድሙ። ጉድጓድ ቁረጡና የጎኑን ግድግዳ በእጃችሁ ግፉ። ጡጫ የሚገባበት በረዶ ልል ነው። አራት ጣት፣ አንድ ጣት፣ እርሳስ፣ ቢላዋ እያለ ደረጃው ይወጣል። ጎማ የሚሸከም በረዶ ቢላዋ እንኳ በትግል የሚገባበት ነው። ጣታችሁ በቀላሉ የገባበት ንጣፍ ካለ ሌላውን መሣሪያ ማውጣት አያስፈልግም፤ ወደ መፍጨት ተመለሱ።

ቀጥሎ እፍጋት። አንድ ሊትር የሚይዝ ቱቦ በበረዶው ውስጥ አስገቡና የያዘውን መዝኑ። አዲስ በረዶ 100 ግራም ገደማ ይመዝናል። ነፋስ የጠቀጠቀው ከ350 እስከ 400። እናንተ የምትፈልጉት 600 አካባቢ ነው። ንጹሕ ግግር 917 ስለሆነ የቀረው አየር ነው፤ አትጨነቁ፣ ድልድዮቹ ካሉ ይበቃል። እፍጋቱ ደርሶ ጥንካሬው ካልደረሰ ግን በቂ ጊዜ አላሳረፋችሁትም ማለት ነው።

ሦስተኛው የመውጊያ ዘንግ ነው። ጫፉ ሾጣጣ የሆነ ዘንግ በታወቀ ከፍታ በሚወርድ መዶሻ እየተመታ ይወርዳል፤ በስንት ምት ስንት ሳንቲ ሜትር እንደገባ ይጻፋል። በመሀል መስመሩ ብቻ አትውጉ። ዋናዎቹ ጎማዎች የሚረግጡት ግራና ቀኙን ነው። ዘንጉ እኩል እየወረደ ሳለ ድንገት ጥልቅ ካለ፣ በዚያ ጥልቀት ላይ ልል ንጣፍ ተኝቷል።

መጨረሻ ላይ ፈታኙ ጋሪ ይወጣል። የአውሮፕላን ጎማ የተገጠመለት፣ የአውሮፕላኑ ጎማ የሚሸከመውን ያህል የተጫነ ጋሪ በትራክተር ቀስ እያለ ይጎተታል። ከኋላው ሰው በእግሩ ይከተለዋል። ዱካ ባየበት፣ ቅርፊት ሲሰበር በሰማበት ቦታ ባንዲራ ይተክላል። እኔን ከዚህ ሥራ ሁሉ በላይ የሚገርመኝ ይህ ሰው ነው። ብዙ ቶን በሚጎተትበት አጠገብ ከእግሩ ሥር ለሚሰማ ድምፅ ጆሮውን ሰጥቶ ከሦስት ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል።

ባንዲራ የተተከለበት ቦታ ላይ በረዶ ጨምሮ መደልደል አይሠራም። ልሉን በሙሉ አውጡ፤ ጎኑን ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡ፤ ደቃቅ የተፈጨ በረዶ በስሱ እየሞላችሁ ጠቅጥቁ፤ ይረፍ፤ እንደገና ፈትሹ።

በየቀኑ

በረዶ ጣለ ማለት ሥራ ተጀመረ ማለት ነው። ትንሽ ከሆነ ቶሎ ጎትቱትና ከፊቱ ጋር ጠቅጥቁት፤ አዲስ ስስ ንጣፍ ይሆንላችኋል። ብዙ ከሆነ ጥረጉት፣ ራቅ አድርጋችሁም በትኑት። መሀል ቤት ትታችሁት ሁለተኛ በረዶ ከጣለበት ልል ንጣፍ ቀብራችኋል።

ምልክቶቹን አትርሱ። ሰማዩና መሬቱ አንድ ዓይነት ነጭ ሲሆኑ አብራሪ ከፍታውን በዓይኑ መለካት አይችልም። የዳር ምልክቶች ጥቁርና ትላልቅ ይሁኑ። ማክመርዶ አካባቢ በቀርከሃ ላይ የተሰቀሉ ቀይና አረንጓዴ ባንዲራዎች ደኅና መንገድ ያሳያሉ፤ ጥቁር ባንዲራ አደጋ ነው። ነፋስ ይቀዳድዳቸዋል፤ በረዶ ይቀብራቸዋል። አንድ ሰው ይህን ብቻ ሥራዬ ብሎ ይያዘው።

ንጽሕናው የጥንካሬ ጉዳይ ነው። ዘይት የሚያንጠባጥብ ማሽን፣ ከጣቢያው ጭቃ ይዞ የመጣ ጎማ፣ የወደቀ ጥቁር ላስቲክ፣ ሁሉም ፀሐይ ስታገኛቸው ጉድጓድ ይቆፍራሉ። መኪኖች ወደ ማኮብኮቢያው ከመግባታቸው በፊት ጎማቸው ይጠረግ። ዘይት ከፈሰሰ ከነበረዶው ቆርጣችሁ አውጡ።

ታኅሣሥና ጥር በአንታርክቲካ ልብ በጋ ነው፤ ማክመርዶ አካባቢ ፀሐይ ጨርሶ አትጠልቅም፤ ሙቀቱም ዜሮ ይጠጋል። በዚህ ጊዜ የአየሩን ሙቀት ሳይሆን የበረዶውን ለኩ፦ በ10፣ በ20፣ በ50 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት። ፀሐይ ዝቅ በምትልበት ሰዓት በረዶው ይጠነክራልና በረራ ካለ ያኔ ይሁን። ፊቱን በንጹሕ ነጭ በረዶ ስስ አድርጋችሁ ሸፍኑት፤ ጥላ ይሆነዋል። የበረዶው ሙቀት ከፍ ካለ ግን የጎማ በረራውን አቁሙ። ሌሊቱን እንደ ድንጋይ የነበረ ፊት ቀትር ላይ በአንድ ጎማ ሊቦደስ ይችላል። የሚጠብቁት ሰዎች ቢቆጡም አቁሙ፤ ማኮብኮቢያው ተመልሶ ሲቀዘቅዝ እንደገና ፈትሻችሁ ክፈቱ።

አውሮፕላኑ በሄደ ቁጥር በእግር ውጡ። መጀመሪያ መዞሪያዎቹን እዩ፤ ጎማው በቦታው ሲጠማዘዝ በረዶውን ስለሚፈለቅቀው ቶሎ የሚጎዱት እነሱ ናቸው። የሞተር ትኩስ ጭስ የነፋበትንም እዩ። ለረጅም ሰዓት የቆመ አውሮፕላን ቀስ እያለ ይሰምጣልና ማቆሚያው ከማኮብኮቢያው እኩል ይጠቅጠቅ። የጎማ ዱካውን ጥልቀት ለኩና በረዶው በዚያ ሰዓት ከነበረው ሙቀት ጋር ጻፉት። ይህ መዝገብ ከየትኛውም መጽሐፍ በተሻለ የእናንተን በረዶ ያስተምራችኋል።

ክረምት ሲገባ

የመጨረሻው አውሮፕላን ሲሄድ ፊቱን አንድ ጊዜ ጎትታችሁ አለስልሱ። ክምር፣ የተረሳ ሳጥን፣ የቆመ ጋሪ አትተዉ። የዳር ምልክቶቹን በረጃጅም ዘንግ ላይ ስቀሏቸው፤ ስትመለሱ ማኮብኮቢያውን የምታገኙት በእነሱ ነው። በጨለማዎቹ ወራት ብርዱ ያጠነክረዋል።

ስትመለሱ ነፋሱ አዲስ ሸንተረር ሠርቶበት ታገኙታላችሁ። ቁረጡ፣ ፍጩ፣ ጎትቱ፣ ጠቅጥቁ፣ ይረፍ። ሙሉ ልኬቱን እንደገና ውሰዱ። ከዚያ ፈታኙን ጋሪ አውጡና ባንዲራ የያዘው ሰው ከኋላው ይከተል።